ክብሪቱ ይቅር፣ ሰዓት ይታይ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የ13 ዓመት ልጄን ሁለት ሦስት ጊዜ ጣለው። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ሲያሸትተው ይነቃል። እናቴ «ጸበል ይጠመቅ» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው፣ እሱም የአንጎል በሽታ ነው ብሎ ፊኖባርቢታል የሚባል ክኒን አዘዘለት፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራም ጻፈለት። የአንጎል መሆኑ እንዴት ታወቀ? ክብሪቱስ?

መልስ፦ ክርክሩ የቆየ ነው። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ግሪኮች ይህን በሽታ «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቅ የሕክምና ጽሑፍ ግን ከሌላው በሽታ የተለየ ቅድስና የለውም፣ መነሻው አንጎል ነው ብሎ ተከራከረ። ማስረጃው ፍየል ነበረች፤ በዚሁ በሽታ የምትወድቅ ፍየል ጭንቅላቷ ቢከፈት አንጎሏ ውሃ አዝሎ ይገኛል ይላል። መንስኤውን አክታ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ ቦታውን ግን አልሳተም። በኋላ ፈላስፋው አርስቶትል ማሰቢያው ልብ ነው፣ አንጎል ማቀዝቀዣ ነው ስላለ ነገሩ ለብዙ ዘመን ሲያወዛግብ ኖረ።

በመሣሪያ የታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 ከሰው ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ለካ። ከተለኩት አንዱ የገዛ ልጁ ነበር። ሲፈትሽ ቆይቶ በ1929 ቢያሳትመውም ብዙዎች ተጠራጠሩት፤ በ1934 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ኤድሪያንና ማቲውስ ደግመው ሲያገኙት ነው የታመነው። መጠራጠራቸው አይገርምም፤ የሚለካው 50 ማይክሮቮልት ገደማ ነው፤ ይህም የአንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ 30,000ኛ እጅ መሆኑ ነው።

ለምርመራው የልጅዎን ፀጉር በሳሙና ይጠቡለት፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አይንካው። ቅባት ካለ ራሱ ላይ የሚለጠፉት ሃያ ገደማ ሽቦዎች በደንብ አይዙም፣ ንባቡም ይበላሻል። ሐኪሙ ካላዘዘ መድኃኒቱን አያስቀሩበት። ውጤቱ «ደህና ነው» ቢባልም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ማሽኑ የሚያየው በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ብቻ ነው።

ክብሪቱ ይቅር። አብዛኛው መንፈራገጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ያቆማል፤ ክብሪት ተፈልጎ እስኪጫር ጊዜው ስለሚያልፍ ክብሪቱ ያነቃው ይመስላል። ትርፉ ጭስና ቃጠሎ ነው። ይልቅ ሰዓት ይዩ። የከሰል ምድጃና ጀበና ያርቁ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት ያድርጉ፣ የአንገት ቁልፉን ይፍቱ። እንዳይፈራገጥ ጨምድደው አይያዙት። ማንኪያ አፉ ውስጥ አይክተቱ፤ ምላሱን አይውጠውም፣ ጥርሱ ግን ይሰበራል። ሲያቆም በጎኑ ያስተኙት። አረፋው አይተላለፍምና ማንም አይሽሽ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

ፊኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው በ1912 ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐውፕትማን ለሕሙማኑ ለእንቅልፍ ሲሰጣቸው መውደቃቸው እንደቀነሰ አስተዋለ። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለውም ለዚህ ነው። በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ አንዱ ሳያቆም ሌላው የሚከተል መንፈራገጥ ያመጣል። ጸበሉም ይቀጥል፣ ዱዓውም ይደረግ፤ ክኒኑ ግን አብሮ ይሂድ። ሐይቅም ሆነ ቦርከና ወንዝ ብቻውን እንዳይዋኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አባቴ ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ደከመ፤ ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ብቻ ይመልሳሉ። ዘመድ «አእምሮአቸው ሄደ» ይላል።

መልስ፦ የሚባለውን የሚረዱ ከሆነ አእምሮአቸው አልሄደም። በ1861 የፈረንሳዩ ሐኪም ፖል ብሮካ ያየው በሽተኛም ሌላው ሲናገር ይገባው ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀኝ ጎኑም ሽባ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ፤ በግራ በኩል፣ በግንባር አካባቢ የተጎዳ ቦታ ተገኘ። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን ስለሚያዝ የንግግርና የእጅ ድካም ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። በ1874 ካርል ቬርኒከ ሌላ ዓይነት ገለጸ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ቦታ ሲጎዳ ሰው እንደ ልቡ ይናገራል፣ ግን ትርጉም የለውም፣ የሰማውንም አይረዳም። ሁለቱን ለመለየት «በሩን ያሳዩኝ» ይበሏቸው፤ በቃልዎ ብቻ፣ እጅዎ ወይም ዓይንዎ በሩን ሳይጠቁም።

ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አንድ ሰው ብቻ ያናግራቸው። «ምን ልስጥዎ?» ከማለት «ሻይ ላምጣ?» ማለት ይሻላል፤ ራሳቸውን በመነቅነቅ ይመልሳሉ። ቃል ሲያምጡ አይቅደሟቸው፣ ይጠብቋቸው። እሳቸው ባሉበት ስለ እሳቸው እንደሌሉ አይወራ፤ ይሰማሉ። የደም ግፊት ክኒናቸውም አይቋረጥ።