«ከፍተኛ ማዕዘን» ወይስ «ከላይ ወደ ታች»?

ጥያቄ፦ የአምስት ደቂቃ የመመረቂያ ፊልም እያዘጋጀሁ ነው። የእንግሊዝኛዎቹን «ሃይ አንግል» እና «ክሎዝ ሾት» ተርጉሜ በቀረጻ ዝርዝሬ ላይ «ሾት 7፦ ከፍተኛ ማዕዘን፣ ቅርብ ተኩስ» ብዬ ብጽፍ የካሜራ ባለሙያው ግራ ተጋባ። ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ነች የምትቀረጸው። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?

መልስ፦ ባለሙያው አልተሳሳተም። «ከፍተኛ» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃንና መጠንን እንጂ ቦታን አይነግርም፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ዋጋ እንላለን። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ዲግሪው የበዛ ማዕዘን ቢመስለው አይፈረድበትም።

«ማዕዘን»ንም ለካሜራ አልወደውም። ግንበኞች የናቁት ድንጋይ «የማዕዘን ራስ ሆነ» ሲባል ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበት ጥግ ማለት ነው። የሒሳብ መጻሕፍታችን «ዘዌ» ይላሉ፤ ቃሉ የዐረብኛው «ዛዊያ» ዘመድ ነው፣ ያም ዞሮ ዞሮ ጥግ ነው። ካሜራ ግን ጥግ የለውም፤ የሚቆምበትና የሚያይበት አለው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ «ከ» እና «ወደ» አሉት። «ከላይ ወደ ታች»፣ «ከታች ወደ ላይ»፣ «በዓይን ከፍታ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። «ታች» ብቻ ከተጻፈ አንዱ ካሜራውን ወለል ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሌንሱን ወደ ወለል ያዞራል። ቁመቱንም በሜትር ይጻፉ፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 2 ሜትር ላይ ያለ ሌንስ በግልጽ ቁልቁል ያያል። ልጅቷ አንሳ እንድትታይ ከፈለጉ ቀደም ያለው ሾት በዓይን ከፍታ ይሁን፤ ሁሉም ከላይ ከሆነ ተመልካች ይለምደውና ትርጉሙ ይጠፋል።

«ዘዌ» የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። አንድን ሰው በተከታታይ ሁለት ሾት ሲያሳዩ ካሜራው በሰውየው ዙሪያ ቢያንስ 30 ዲግሪ ካልዞረ፣ ቆረጣው (ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው መሻገሪያው) ምስሉ የዘለለ ያስመስለዋል።

«ሾት ተኩስ ነው፤ ምን ያከራክራል?» የሚሉ አሉ። ያከራክራል። የ«ተኮሰ» ነገሩ ሙቀት ነው፤ ልብስ ይተኮሳል፣ ከብት ይተኮሳል፣ ጠመንጃም እሳት ስላለበት ይመስለኛል የሚተኮሰው። «ቅርብ ተኩስ» ያለ ሰው ጥይት ያሰማኛል። እነዚሁ ሰዎች «ቀረጸ» የድንጋይና የእንጨት ቃል ነው ብለው ይነቅፋሉ። እውነት ነው፣ ቅርጽና ቅርጻ ቅርጽ ከዚያው ናቸው። ነገር ግን ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ለሙዚቃ ሸክላ ሲያዜሙ፣ ድምፃቸው በመርፌ ጭረት ሆኖ በእርግጥ ተቀርጿል። ቃሉ ከድንጋይ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅም ወደ ምስል የተሻገረው በሕጋዊ መንገድ ነው።

የ«ቀረጻ»ን አንድ ጉድለት ግን እቀበላለሁ። «ቀረጻው ነገ ነው» ስንል ሥራው በሙሉ ነው፤ «ሦስተኛው ቀረጻ» ሲባል ደግሞ ሦስተኛዋ ቁራጭ ትሁን ወይስ አንዷ ቁራጭ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደገም አይለይም። በዚህ ምክንያት «ሾት» አሸንፏል፤ ደስ ባይለኝም እርስዎ እንደጻፉት ይቆይ።

«ቅርብ» ከሁሉም በላይ ያሳስታል። ካሜራው ነው ቅርብ ወይስ ፊቷ ነው ጎልቶ የሚታየው? 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ (አስፍቶ የሚያሳየው) በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ 85 ሚሊ ሜትር (አጥብቦ የሚያሳየው) ደግሞ በ1.8 ሜትር ገደማ ፊትን በእኩል መጠን ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ግን አፍንጫዋን አግዝፎ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። ስለዚህ ሌንሱን ለብቻው ጽፈው፣ የምስሉን ወሰን በአካል ይንገሩ፦ «ከትከሻ በላይ»፣ «ከወገብ በላይ»፣ «ሙሉ ቁመት»። ወሰኑ ጉልበት ወይም የእጅ አንጓ ላይ አይረፍ፤ አካሉ የተቆረጠ ይመስላል።

እንግዲህ መስመርዎ እንዲህ ይሁን፦ «ሾት 7፦ ከላይ ወደ ታች፤ ሌንሱ ከወለሉ 2 ሜትር፤ ልጅቷ ተቀምጣ፣ ከትከሻ በላይ፤ 85 ሚሊ ሜትር።»