ሰኞ ሰኞ የሚጫን ደረት

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ክር ፋብሪካ ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጥጥ ማበጠሪያው ላይ። አራት ዓመት ሙሉ ግን ኮንትራት! በየሦስት ወሩ ወረቀት ያስፈርሙናል። ጊዜው ሲደርስ ሱፐርቫይዘሩ ሰላምታ እንኳ ይነፍገናል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ዝርዝር ይለጠፋል፤ ስሙ ያለ ይገባል፣ የሌለ ዩኒፎርሙን መልሶ ይሄዳል። ባለፈው አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ስሟ ቀረ። ምን አጥፍታ ነው ብንለው "እናንተም መሄድ አማራችሁ?" አለን።

ዝርዝሩ ሊለጠፍ ሲቃረብ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጨጓራዬ ይነሳል። ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ዛሬ ካለ ነገ የለም፤ ወንድሜን የማስተምረውም እኔ ነኝ። ሰውዬው ደግሞ ሽንት ቤት ስሄድ ሰዓት ይይዝብኛል። ምን እንዳደረግኩት እንጃ።

ሰኞ ሰኞ ደረቴን ይጫነኛል፣ ያስለኛልም፣ ሐሙስ አካባቢ ይተወኛል። ጎረቤቶቼ ብርዱ ነው ይላሉ፣ እኔ ጭንቀት ነው እላለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ሲያልፍ አፌን በሻርፕ አፍኜ ነው የምስለው። ይሄ እንኳ ያን ያህል አይደለም።

ውሌ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። የታመመ አያድሱም ይባላል። እስክፈርም ሳሌን ደብቄ ልቆይ ወይስ ሐኪም ቤት ልሂድ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣

ሱፐርቫይዘሩን ለጊዜው እንተወው። እኔ ሦስቴ ያነበብኩት "ያን ያህል አይደለም" ያልሽውን ነው።

ብርድ ሰኞን ከሐሙስ አይለይም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ እሁድም ትበርዳለች። አንቺን የሚጫንሽ ግን አርፈሽ ስትመለሺ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ በሽታ አለ፣ ቢሲኖሲስ ይባላል፣ ጠባዩም ልክ እንደነገርሽኝ ነው። መጀመሪያ ከእረፍት በኋላ ያለውን ቀን ብቻ ይይዛል። እየቆየ ማክሰኞን ይጨምራል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ይወስደዋል። በጊዜ ከብናኙ የራቀ ይሻለዋል፣ የቆየ ግን ሳንባው ላይ ይቀርበታል። አጎቴ ፈትል ክፍል ነው ያረጀው። አስም ነው ስንለው ኖረን፣ በኋላ ከቤቱ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሦስት ቦታ ያርፍ ነበር። ስለዚህ ከእኔ ሚዛናዊ መልስ አትጠብቂ።

ሂጂ! ዝርዝሩን አትጠብቂ። ሐኪሙን "ያስለኛል" ብቻ ብለሽው እንዳትወጪ፤ ጥጥ ማበጠሪያ ላይ አራት ዓመት መሥራትሽን፣ ሰኞ እንደሚብስብሽ ንገሪው። ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አይተሽ እንዳትሸወጂ። የትንፋሽ መለኪያ ካላቸው ሰኞ ከመግባትሽ በፊትና ስትወጪ ይለኩሽ። ቲቢ አለመሆኑንም ያጣሩልሽ።

የሚያስፈርሙሽን ወረቀት በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውልን በጊዜ መገደብ የሚፈቅደው ለተወሰኑ ሥራዎች ነው፤ ከእነዚያ ውጭ ያለው ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። አራት ዓመት ያላባራ ጥጥ ማበጠር የቱ ጋ ነው ጊዜያዊ የሚሆነው? የፈረምሽውን ሁሉ ሰብስበሽ አስቀምጪ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ከተባለ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ተራ የሕመም ፈቃድ 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር በግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። ከሥራ ለመጣ በሽታ ግን ማሳከሚያው የአሠሪው ነው፣ ደመወዝሽም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሳይቀነስ ይከፈላል። የሐኪም ወረቀት የሌላት ሴት ይህን ሁሉ በምን ትጠይቃለች? ደብቀሽ ስትስይ የምትጠብቂው ሥራሽን ሳይሆን የእነሱን ሒሳብ ነው።

አዋጁ ወረቀት ላይ ነው ትይኛለሽ፣ እውነትሽን ነው። በሩ ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ከአዋጁ ይፈጥናል። ቢያባርሩሽ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከሺበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ስለሆነ እያዘንሽ ቤት እንዳትቀመጪ። አሁን ግን የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ ብናኝ ወደሌለበት፣ ወደ ማሸጊያ እንኳ፣ አዛውሩኝ በያቸው።

ሻርፑ ሳልሽን ይደብቃል እንጂ ብናኙን አያስቀርም። ደኅና ማስክ ይስጡን በሉ፣ ብቻሽን ግን አትበይ። የክፍልሽን ሴቶች ሰኞ ሰኞ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቂያቸው።

ያቺ ስሟ የቀረው ልጅስ፣ ትስል ነበር?