ከቫን ጎግ ሙዚየም የገዛሁት ፖስተር ተጠቅልሎ ቀረ ላልሽው

ካውያ እንዳታስነኪው! ካርቶን ቱቦ ውስጥ የከረመ ወረቀት የሚቃናው በክብደትና በጊዜ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ንጹህ ነጭ ወረቀት አንጥፊ። ሥዕሉን በፊቱ ደፍተሽ ሌላ ወረቀት ደርቢበት፤ ከላይ ወፍራም መጻሕፍት ዳር እስከ ዳር ጫኚበት። ሁለት ሦስት ቀን ተዪው። ጫፉ አሁንም ከተነሳ ቀን ጨምሪለት።

ፍሬም ስታሠሪ በሥዕሉና በመስታወቱ መሀል የካርቶን ጠርዝ ይግባበት። ወረቀቱ ከላይ በኩል ብቻ ይያዝ። አራቱም ጎን ከተለጠፈ እርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል።

«የአልሞንድ አበባ» ነው ብለሻል። ዋናው፣ ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1890 ለወንድሙ አራስ ልጅ የሣለው፣ 73 በ92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፖስተሮቹ ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ጠርዝ አላቸው ወይም ተቆርጠዋል። ስለዚህ ፍሬሙን በዋናው ልክ ሳይሆን የራስሽን ለክተሽ እዘዢ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እንዲህ ያለውን ሥዕል ያለ ካርቶን ጠርዝ፣ ቡና የምናፈላበት ጥግ ሰቀልኩት። ክረምቱ ሲወጣ የሥዕሉ ሰማይ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ላላቅቀው ብዬ አበባዎቹን ቀደድኳቸው። ከእንፋሎትም ከመስኮት ፀሐይም አርቂው።