ወደ ውጭ አገር ለምትሄዱ ልጆች፦ ስለ አንዲት ቅዳሜ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ለማስተርስ ትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ የጎረቤቴ ልጅ ደሴ ያለው ቤቴ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድ ከተማ ስዞር ብውል ጊዜ ማባከን አይሆንብኝም?» ሲል ጠየቀኝ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ ድረስ መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄው ለዓመታት ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው።

እኔ የሄድሁት በ1970ዎቹ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ይባል በነበረው አገር፣ ላይፕዚግ በሚገኘው የሄርደር ተቋም አንድ ዓመት ቋንቋ ከተማርሁ በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ለማጥናት ድሬዝደን ገባሁ። ቅዳሜዬ በልብስ አጠባና በጥናት ያልፍ ነበር። አገሬ የላከችኝ ለትምህርት እንጂ ለሽርሽር አይደለም ብዬ አምን ነበር፤ እምነቱ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ አብሮኝ የሚኖረው የቬትናም ተማሪ ለምኖኝ በትራም ወደ መሀል ከተማ ወጣን። በመጀመሪያ ጽቪንገር ከሚባለው ቤተ መንግሥት ገብተን ጣሊያናዊው ራፋኤል የሣላትን፣ ልጇን ታቅፋ በደመና ላይ የምትራመደውን ማርያም አየን። ደሴ መድኃኔዓለም እናቴ ከምትሳለመው ምስለ ፍቁር ወልዳ ጋር እያስተያየሁ ብዙ ቆምሁ፤ እናቴ አጠገቤ ብትኖር ተንበርክካ ትሳለመው እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያ ወጥተን ወደ ኤልባ ወንዝ አቅጣጫ ስንሄድ ከአንድ የጠቆረ የድንጋይ ክምር ፊት ደረስን። በእመቤታችን ስም የተሠራው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነበር፤ የቀሩት ሁለት የግድግዳ ስባሪዎች ብቻ ናቸው።

በዚያ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ዝም ብለን መመልከታችንን አይተው ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ሌሊት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲያነዱ ታናሽ እህታቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ወንዙ መሮጣቸውን፣ ቤተ ክርስቲያኑም በእሳቱ ሌሊት ሳይወድቅ ቆይቶ በሁለተኛው ቀን መደርመሱን ነገሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ፣ በተወለድህበት ከተማ ላይ ቦምብ ወድቆ ያውቃል?» አሉኝ። «የለም» አልኋቸው። ስለ ጥጥ ክር ጥንካሬ የምጽፈው ሪፖርት ነበረብኝና ትራሙ ሲመጣ ተሰናብቻቸው ሮጥሁ። ሴትዮዋ ገና ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር።

የመለስሁላቸው መልስ ስሕተት ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል፤ ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሣው በዚህችው ከተማ ነው። አያቴ የዚያን ዕለት እዚሁ ነበሩ። የሰው ዕድሜ ሲቆጥሩ «እገሌ ከአይሮፕላኑ በፊት የተወለደ ነው» ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ሐረጉን ከልጅነቴ እየሰማሁ ምን ማለታቸው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ካረፉ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አሁን ስለ ድብደባው የማውቀው ሁሉ ከመጽሐፍ ያነበብሁት ነው፤ እርሳቸው የት እንደተጠለሉ፣ የማን ቤት ሲነድ እንዳዩ ከቤተ ሰባችን የሚያውቅ የለም።

ትምህርቱን ችላ በሉ አልላችሁም። ያ የክር ጥንካሬ ኮምቦልቻ በሚገኘው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሃያ ዓመታት እንጀራ ሆኖኛል፤ በሰርቪስ ጠዋት የሐረጎን ተራራ ወርጄ ማታ ስወጣ የኖርሁት በእርሱ ነው። ስለ ብርዱና ስለ ገንዘብ አያያዝ ሌሎች ይነግሯችኋል። የእኔ ልመና አንድ ነው፤ በማታውቁት ከተማ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ማውራት ሲጀምሩላችሁ ትራሙ ጥሏችሁ ይሂድ።

የዛሬ ወጣቶች ታሪካዊ ቦታ ስትደርሱ ጀርባችሁን ለቦታው ሰጥታችሁ በስልክ የራሳችሁን ፊት ፎቶ ስታነሡ ሳይ አዝናለሁ። ይሁን እንጂ ያ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ተሠርቶ በ1998 ዓ.ም. መጠናቀቁን፣ የጠቆሩት አሮጌ ድንጋዮች በነጫጮቹ አዲሶች መካከል ተመልሰው መገንባታቸውን ያየሁት የልጅ ልጄ እዚያ ሄዳ በላከችልኝ ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ተዉት ለማለት አልደፍርም።

ለጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻ የመለስሁለት በጥያቄ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ካበሉበት ከአይጠየፍ አዳራሽ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው እዚሁ ተወልዶ አንድም ቀን እንዳልገባ ነገረኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት በአዳራሹ በር እንገናኛለን። መራመድ የሚችሉ ከሆነ አያቱን ደግፎ እንዲያመጣቸው ነግሬዋለሁ።