ጥያቄና መልስ፦ ግቢ ከመግባታችሁ በፊት፣ ከመውጣታችሁም በፊት

ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ እየወጣ ነው። ፍሬሾች ሻንጣ እያዘጋጁ ነው። ነባሮቹ ለምዝገባ ይመለሳሉ። ተመራቂዎቹን ደግሞ የመውጫ ፈተናው ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ 17 ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያች መስኮት በኩል ብዙ ልጅ ሲስቅም ሲያለቅስም አይቻለሁ። ካለቀሱት ውስጥ ብዙዎቹ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ማስታወቂያ በግማሹ አንብበው የሄዱ፣ ወይም አንድ ፎርም ሳይሞሉ የወጡ ናቸው። ለዚህ ነው ጠይቁኝ ያልኳችሁ። የየግቢው አሠራር በመጠኑ ይለያያል፤ ስለዚህ ቀንና ክፍያ ላይ የራሳችሁ ግቢ ማስታወቂያ ይቅደም።

ጋሼ፣ ጥሪው ላይ «ከተጠቀሱት ቀናት በፊትም ሆነ በኋላ የሚመጣ ተማሪን አናስተናግድም» ይላል። የምር አንድ ቀን ባረፍድ ይመልሱኛል?

«በኋላ» ለሚለው አብዛኛውን ጊዜ የቅጣት ምዝገባ የሚባል ቀን አለ። ማስታወቂያው ታች ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ትንሽ ገንዘብ ከፍለህ ትመዘገባለህ። እሱም ካለፈ ግን ነገሩ ከሬጅስትራር እጅ ወጥቶ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ያኔ ዋስትና የለህም። መንገድ ተዘግቶ ወይም ታመህ ከሆነ የቀረኸው፣ ቀኑ ሳያልፍ ለግቢው አሳውቅ። የመናኸሪያ ቲኬትህን፣ የሐኪም ወረቀትህንም አትጣል።

«በፊት» የሚለውን ግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ቀድመህ ብትደርስ ዶርም አልተደለደለም፣ ካፌው ለአንተ አልተቆጠረም። ከተማ አልጋ ይዘህ ለቤተሰብህ የከበደ ወጪ ታወጣለህ። በጥሪው ቀን ከሄድክ ግን ብዙ ግቢዎች መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ ይልካሉ። ሲኒየሮች፣ የቀይ መስቀልና የበጎ አድራጎት ክበብ ልጆች ሻንጣህን ይቀበሉሃል። ያንን አቀባበል አያምልጥህ።

ምን ምን ሰነድ ልያዝ?

የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕትና የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን ዋናውንም ኮፒውንም ያዢ። 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶ በርከት አድርገሽ አሠሪ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ልብስ የራስሽ ነው። ፋይዳ ካለሽ አትርሺው፤ ከሌለሽ ከመሄድሽ በፊት አውጪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው ከአንሶላው ይበልጣል። ስምሽ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ሦስቱም ሰነድ ላይ አስተያዪው። «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ በአራት ዓይነት ሲጻፍ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ሬጅስትራር የሚመዘግበው አጻጻፍ ነው ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪሽ ላይ የሚታተመው። ያኔ አንዲት ፊደል ለማስቀየር ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ አሉ። አሁን ከሆነ ግን ትምህርት ቤትሽ ሄዶ ማስተካከል ነው።

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ያምታታኛል። የሀበሻ ነው የፈረንጅ?

ይሄንን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ያፍራል። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ላይ «ከጠዋቱ 2:30» ካለ የእኛው ነው። ችግሩ በእንግሊዝኛ የሚወጣው ላይ ነው። አንዳንዱ ክፍል ከሰዓቱ ጎን «ኤልቲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ያስቀምጣል። በአገር ቤት ሰዓት ማለት ነው። አንዳንዱ ምንም አይጽፍም። ሲስተሙ ራሱ የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ በፈረንጅ ይሆናል።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ፈተናው 8:00 ይላል። ጠዋት ሲያጠና ቆይቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ በቀኑ 8 ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ደረሰ። ፈተናው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተጀምሮ ካለቀ ቆይቷል። ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተንከራተተ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል የሌለው ማስታወቂያ ካየህ የክፍል ተጠሪህን ጠይቅ። ቀኑም ላይ እንዲሁ ነው። 3/5 የሚል ካየህ ጥር 3 ይሁን ሜይ 3 ሳታጣራ አትመን።

ካፌ ይሻላል ኖን ካፌ (የምግቡን ብር በእጅ ተቀብሎ ራስን መመገብ)?

ለመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ ተጠቀም። የመንግሥት የቀን የምግብ በጀት ለአንድ ተማሪ 22 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ብሩን በእጅህ ስትቀበለው ብዙ ይመስላል። ግን በከተማው ዋጋ ለሦስት ጊዜ ምግብ ሲካፈል ታየዋለህ። ደግሞ ኖን ካፌ መሆን የሚቻለው በተወሰነው የማመልከቻ ጊዜ ነው፤ ወር ሳይሞላ ሐሳብ መቀየር አይሠራም። የጤና ችግር ኖሮብህ የተለየ ምግብ የምትበላ ከሆነ ግን የሐኪም ማስረጃ ይዘህ የተማሪዎች አገልግሎትን አነጋግር።

በየዓመቱ የምንፈርመው የወጪ መጋራት ውል ምንድን ነው? ሳላነበው ነው የፈረምኩት።

ያላነበብሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። መንግሥት ከትምህርት ወጪሽ ትልቁን ይሸፍናል። አንቺ ደግሞ ቢያንስ የትምህርቱን 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ትከፍያለሽ። ከደመወዝሽ በየወሩ ይቆረጣል። ምግቡን በካፌ ብትበዪም በጥሬ ብር ብትወስጂም ውሉ ላይ ይያዛል። «ኖን ካፌ ስለሆንኩ ዕዳ የለብኝም» የሚሉ ልጆች መጨረሻ ላይ የሚደነግጡት ለዚህ ነው። በየዓመቱ የምትፈርሚውን ቅጂ ጠይቀሽ ውሰጂ። ኦሪጅናል ዲግሪሽን ልትወስጂ ስትሄጂ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ጋሼ፣ እናቴ በጣም ታማብኛለች። ነገ ወደ ቤት ልሄድ ነው። ትምህርቱ ምን ይሆናል?

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ዛሬ ግን አንድ ነገር አድርግ። ከመሳፈርህ በፊት ሬጅስትራር ሂድና የዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ) ፎርም ሙላ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምልህ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አባቷ ሞተ ብለው ጠሯት። ሌሊት ተነሥታ ሄደች። ማንም አልፈረደባትም። ቤት ስትደርስ ታናናሾቿን የሚያይ ጠፋ፤ እዚያው ቀረች። በዓመቱ ተመልሳ መስኮቴ ላይ ቆመች። ፋይሏን ስከፍተው በሁሉም ኮርስ ኤፍ ተሰጥቷታል። ፈተና ላይ ያልተገኘች፣ ፎርም ያልሞላች ተማሪ ሲስተሙ የሚያውቃት ወድቃ ነው። ውጤቷም ወደ ኤዲ (ከትምህርት መሰናበት) ወረደ። ከዚያ በፊት የነበራት ነጥብ ከ3 በላይ ነበር። አንድ ፎርም ሞልታ ቢሆን ኖሮ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቃ በቀጥታ ትቀጥል ነበር። ጉዳይዋን ይዘን ከቢሮ ቢሮ ዞርን። ተሳካላት፤ ግን ሌላ አንድ ዓመት በልቶባት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ፎርሙ ላይ ምክንያትህን ትጽፋለህ። የትምህርት ክፍልህ፣ ላይብረሪ፣ የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተርና ካፌ ይፈርሙበታል። አይዲህን ትመልሳለህ። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘህ ትወጣለህ። ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ለፈራሚዎቹ እናትህ እንደታመሙ ንገራቸው፣ ሰው ናቸው፣ ያስቀድሙሃል። ጊዜ ከሌለህ ደግሞ ደብዳቤ ጽፈህ ለዲፓርትመንትህ ጸሐፊ ስጥና መቀበሏን አስፈርም። ቤት ከደረስክ በኋላም የሐኪም ማስረጃ ላክ። ከምንም ይሻላል።

ስትመለስ ደግሞ ይህን አስብ። በሁለተኛው ሴሚስተር የወጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። ኮርሶቹ የሚሰጡት በዓመት አንዴ ስለሆነ። የሪአድሚሽን ማመልከቻ የሚቀበሉት ደግሞ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉ ጥቂት ቀናት ነው። በግቢው ያለ አንድ ጓደኛህን «ማስታወቂያው ሲወጣ ደውልልኝ» በለው።

ግሬድ ሪፖርቴ ላይ ኤንጂ መጥቶብኛል። ወደቅኩ ማለት ነው?

አይደለም። ውጤቱ አልገባም ማለት ነው። መምህርህ አላስገባ ይሆናል፣ አንድ ፈተና ጎድሎህም ይሆናል። ግን ዝም ካልከው በጊዜ ገደቡ ወደ ኤፍ ይቀየራል። በዚሁ ሳምንት መምህርህን አግኝ።

ከተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ መቀየር እፈልጋለሁ። በቴሌግራም «በ10 ሺህ ብር እናስቀይራለን» የሚሉ አሉ።

አንዲት ሳንቲም እንዳትልኪ። ምደባ የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ቅያሬ የሚፈቀደው እንደ ጤና ባለ ከባድ ምክንያት፣ ከሕክምና ተቋም ማስረጃ ጋር፣ በሚኒስቴሩ በተገለጸው ቀን ነው። ለዚያ የሚከፈል የጓዳ ክፍያ የለም። ብሩን ከላክሽ በኋላ ቻናሉ ይጠፋል።

የመውጫ ፈተና ካላለፍኩ ከጓደኞቼ ጋር መመረቅ እችላለሁ?

ጥያቄህ ውስጥ ጭንቀትህ ይሰማኛል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ተቋም የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ካላለፍክ ዲግሪው አይሰጥህም። ኮርሶችህን ሁሉ ጨርሰህ ቢሆንም። ግን በሩ አይዘጋም፤ በሚቀጥለው ዙር በድጋሚ ትቀመጣለህ።

ከልምዴ ሁለት ነገር ልምከርህ። አንደኛ፣ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ሞዴል ፈተና ሲሰጥ «ውጤቱ አይያዝም» ብለህ አትቅር። ሳያውቁት ገጹን ዘግተው የተደናገጡ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ዩዘር ኔምህ ሲደርስህ የፕሮግራምህ ስም ትክክል መሆኑን በዚያው ቀን አረጋግጥ። በሌላ የትምህርት ዘርፍ ስም የተመዘገበ ሰው ስህተቱን ያወቀው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ከፈተናው ሳምንት በፊት ከሆነ ይስተካከላል።

ለምረቃ ጋዎን ተከራይተናል፣ መጽሔቱ ታትሟል። ሌላ የቀረን አለ?

ክሊራንስ፤ የግቢው ንብረት በእጃችሁ እንደሌለ በየክፍሉ የሚፈረምላችሁ ወረቀት። በምረቃው ማግስት ግቢው ባዶ ይሆናል። ፕሮክተሯ እረፍት ወጥታ፣ የላይብረሪው ሰው በስብሰባ ላይ ሆኖ፣ አንተ በአንዲት ፊርማ ምክንያት ሦስት ቀን ትቀመጣለህ። ቤተሰብ ደግሞ መኪና ተከራይቶ ይጠብቅሃል። ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ክሊራንሱን ጨርሱ። ቴምፖራሪያችሁን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃችሁን) ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ። ስህተት ካለ እዚያው ይቀየራል። ከዚያም ስካን አድርጉና ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ።

በዚህ ሴሚስተር የትኛው ዝግጅት ላይ ብሳተፍ ይሻለኛል?

ገለጻው ላይ። ለፍሬሾች የሚሰጠው የመጀመሪያው ሳምንት ገለጻ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ክሊኒኩ የት እንዳለ፣ ለማን አቤት እንደሚባል የሚነገረው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ የደስታሽ ነው። የባህል ቀኑ ያምራል። የደም ልገሳም አለ፤ ለእሱ 18 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 45 ኪሎ መመዘን ያስፈልጋል። 17 ዓመትሽ ከሆነ ለጋሾቹን ውኃና ብስኩት እያቀረብሽ አግዢ።

እኔ እናት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ከቤት ወጥታ አታውቅም። አብሬያት ብሄድ ግቢ ያስገቡኛል? ምንስ ልሰንቅላት?

እናቴ፣ ይሂዱ። ብዙ ግቢ ወላጅን እስከ በሩ፣ አንዳንዱም እስከ መመዝገቢያው ድረስ ያስገባል። መታወቂያዎን አይርሱ። ዶርም ውስጥ ማደር ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ የመመለሻዎን መኪና ቀድመው ያስቡ። ከመለየትዎ በፊት የፕሮክተሯንና የአንዲት የዶርም ጓደኛዋን ስልክ ይቀበሉ። የልጅዎ ስልክ ቻርጅ የጨረሰ ቀን ያረጋጋዎታል።

ስንቁን በተመለከተ እንጀራ አይጫኑባት፤ መንገድ ላይ ይሻግታል። በሶና ቆሎ ይበቃታል። ትንሽ ሽሮም ቢጨምሩ፣ ከዶርም ልጆች ጋር በበዓል ቀን ይሠሩታል። በሶውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ያድርጉት፤ ከሰነዶቿ ጋር በአንድ ቦርሳ ግን አይሁን። ትራንስክሪፕቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው በእጅ ቦርሳዋ ያስይዟት። ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲጫን፣ ያ ቦርሳ ከእሷ ጋር ጉልበቷ ላይ ይሁን።