ጋቢውን አላወልቅ ያለው ሰውዬ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ብርሃን አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ቡና ላይ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ከነገርኩት በሽተኛው ፈርቶ መድኃኒቱን ያቆማል። ዝም ብል አይሻልም?» መልስ ሳልሰጣት ተለያየን።

እኔም ዝም ብዬ ነበራ። ሰውዬው የእኔ እኩያ ነው፣ ከመንዝ ነበር የሚመጣው፣ ልቡ ደክሞ። ሦስት የልብ ድካም መድኃኒቶች፣ ውሃ የሚያስሸናውን ፎሮሴማይድ፣ ኢናላፕሪልና 25 ሚሊግራም ስፓይሮኖላክቶን፣ በምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ሰጠሁት። «ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ» አልኩት፣ በቃ። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ከወራት በኋላ አብጦ ተመለሰ። የኮንጎ ጫማው ጠርዝ እግሩ ውስጥ ሰርጉዷል። መተኛት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያድረው። ፌስታሉን ስፈታው ፎሮሴማይዱ አልቋል፣ ስፓይሮኖላክቶኑ ግን ተጀምሮ ተትቷል። ሐኪሙ ልብዎን ላዳምጥ ቢለው ጋቢውን አላወልቅ አለ። ሚስቱ ናት ጠጋ ብላ የነገረችኝ። ጡቱ አብጧል። ልብስ ማውለቅ ስላለበት ጠበል መሄዱን እንኳ ትቷል።

ልብ ሲደክም ሰውነት ውሃ ያነሰው ይመስለዋል። አልዶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ኩላሊትን ጨውና ውሃ እንድትይዝ ያዛታል። ስፓይሮኖላክቶን ያንን ያግዳል፣ በዚያው ግን የወንዴ ሆርሞንንም ሥራ ይነካል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ሞትን በ30 በመቶ ቀንሷል፤ ከ100 ወንዶች ደግሞ 10 ያህሉ ጡታቸው አብጧል ወይም አሟቸዋል።

ሰውዬው እስከዚያ ቀን «ዶክተር፣ እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ፋርማሲስት ነኝ ብዬ አርሜው አላውቅም።

«ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ሚስቱ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወሰደችለት። በሦስተኛው አልመጣችም።

ኢናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳልም እንዲሁ ነው። እዚህ ሁሉም «ብርዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሽሮፕ ከመሸጣችሁ በፊት ምን እንደሚወስድ ጠይቁት። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። የዘንድሮ ልጆች ከእኛ ይልቅ ታነባላችሁ፣ ዓይናችሁ ግን ከስልክ አይነሳም። ለነገሩ የእኛም ከሰልፉ አልተነሳም።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ አንብቡለት አልልም። ለእኔ እንዲያ ቢነበብልኝ የግፊቴን መድኃኒት አልውጥም። ይህቺን ግን በሉት፦ «ጡትዎ ቢያብጥ ወይም ቢያምዎ ከመድኃኒቱ ነው። በራስዎ አያቁሙ፤ ይምጡ፣ መላ አለው።» ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከኋላው ሰው አለ።