ከ40 24 አመጣሁ፤ ናርሲሲስት ነኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ተጣልተን «አንቺ እኮ ናርሲሲስት (ራሷን ከሰው ሁሉ በላይ የምታይ) ነሽ» ብላ የኢንተርኔት ፈተና ላከችልኝ። ሠራሁት፤ ከ40 24 አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በሽተኛ ነኝ?

መልስ፦ በ24 እንቅልፍ አይጡ። የሞሉት መጠይቅ ራስኪንና ሆል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመሩት፣ በ1988 ደግሞ 40 ጥያቄ ሆኖ የወጣው ይመስለኛል። ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ያቀርባል፣ እርስዎ አንዱን ይመርጣሉ። የተሠራው ተራውን ሰው ለመለካት እንጂ በሽታ ለመለየት አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከ15 እስከ 17 አካባቢ ነው፤ የእርስዎ ከፍ ይላል፣ ግን «ከዚህ በላይ ሕመም ነው» የሚባል መስመር የለውም።

ደግሞስ ነጥቡ ከየት መጣ? ሰው መምራት የሚወድና በራሱ የሚተማመን ሰው እዚያ ላይ ብቻ ብዙ ይሰበስባል፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ 24 የሚያገኘው ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ ስለሚቀናውና ሁሉ ነገር ለእኔ ይገባኛል ስለሚል ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን ለየቅል ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

ፈተናው የማይዘው ናርሲሲስትም አለ። ዓይን አፋር ይመስላል፣ ጉራ አይነዛም፤ «ይቺን ብታስተካክላት» ሲሉት ግን ሳምንት ሙሉ ያኮርፋል፣ ቂም ይይዛል። እንዲህ ያለው ሰው ፈተናውን ቢወስድ ዝቅተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሰዎችን በቀጥታ «ናርሲሲስት ነህ ወይ? ከ1 እስከ 7 ስጥ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ከረጅሙ መጠይቅ ጋር በመጠኑ የሚዛመድ መልስ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ብዙዎቹ ናርሲሲስቶች አያፍሩበትማ!

ናርሲሲስትነቱ የስብዕና መታወክ፣ ማለትም ሕመም፣ ነው ለማለት ግን ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያነጋግርዎታል። ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ መኖር አለባቸው፣ ያውም ከወጣትነት ጀምሮ፣ ቤትም ሥራም ቦታ፣ ኑሮን እስከማበላሸት ደርሰው። ከአንድ ጠብ ተነስቶ ይህን መናገር አይቻልም።

ለጊዜው እህትዎን «መቼ፣ ምን ስላደረግኩ ነው?» ብለው ይጠይቋት፤ ስትመልስም አያቋርጧት። የምትነግርዎት ነገር ከሌሎችም ደጋግመው የሰሙት ከሆነ፣ ወዳጆችዎም አንድ በአንድ እየራቁ ከሆነ፣ ሳይኮሎጂስት ያነጋግሩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ክኒን የለም፤ ሕክምናው በንግግር ነው፣ ጊዜም ይወስዳል።